የላባ ዝንብ፤ ከትዊድ ወንዝ ዳር የተጻፈ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ እኔ ስለ አንድ ወንዝና ከጥፍር ስለማይበልጥ አንድ የላባ ሥራ ልጽፍላችሁ ስነሣ፥ ነገሩ ከገጹ ዓላማ የራቀ መስሎ እንዳይታያችሁ አስቀድሜ እለምናለሁ። የወንዙ ስም ትዊድ ይባላል፤ የሚገኘውም በስኮትላንድ አገር ነው። የላባው ሥራ ደግሞ ዓሣን ለማታለል በመንጠቆ ላይ የሚታሰር የዝንብ አምሳል ነው። ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የአባትና የልጅ፥ የመምህርና የተማሪ ጉዳይ ስለ ገባበት፥ ታሪኩ ለቤተ ሰብ የሚገባ ሆኖ አገኘሁት።

በአገራችን ዓሣ የሚጠመደው አብዛኛውን ጊዜ ለምግብ ነው። በጣና ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች በደንገል ታንኳ ተቀምጠው መረባቸውን ይጥላሉ፤ የወንዝ ዳር ልጆችም በመንጠቆ ላይ ትል ሰክተው በትዕግሥት ይጠብቃሉ። በትዊድ ዳር ያለው ልማድ ግን ሌላ ነው። አጥማጁ ትልም ሥጋም አይዝም። በእጁ ያለው ረጅምና ተለማጭ ዘንግ፥ ክብደት ያለው ገመድ፥ በገመዱም ጫፍ በቀጭን ክር የታሰረ አንድ የላባ ዝንብ ብቻ ነው። ዓሣው በዚያች ሰዓት የትኛዋን ዝንብ እንደሚበላ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ያችን የምትመስለውን መርጦ እንደ እውነተኛዪቱ በውኃው ላይ በቀስታ ማሳረፍ ይገባዋል። ትራውት የሚባለው ዓሣ የጐረሠው ላባ መሆኑን ሲያውቅ ወዲያው ስለሚተፋው፥ አጥማጁ ዐይኑን ለቅጽበት እንኳ ቢያነሣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ጥበቡ የዛሬ አይደለም። ኤልያኖስ የተባለው ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ200 ዓመት ገደማ፥ በመቄዶንያ አገር ያሉ አጥማጆች በመንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ጠጕር ጠቅልለው የዶሮ ላባ እየጨመሩ ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። በእንግሊዝ አገርም በ1496 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ የዐሥራ ሁለት የላባ ዝንቦች አሠራር ተዘርዝሮ ይገኛል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ግንቦት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጄን አስከትዬ ከኤዲንብራ ከተማ ተነሣሁ። በ2015 የተከፈተው የባቡር መንገድ በአንድ ሰዓት ያህል ትዊድባንክ ከሚባለው ጣቢያ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ፥ ሦስቱን የኤይልደን ተራሮች በቀኝ እያየን፥ በጎች በሚሰማሩበት ለምለም መስክ መካከል አልፈን ኬልሶ ደረስን።

ኬልሶ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ብዙ ያየች ናት። በ1128 የተመሠረተው ገዳምዋ በ1545 በእንግሊዞች ጦር ፈርሶ፥ ዛሬ ግማሽ ግንቡ ብቻ በሣር መካከል ቆሞ ይታያል። ታላቁ ደራሲ ዋልተር ስኮት በልጅነቱ ጥቂት ጊዜ በዚህች ከተማ ተምሯል። የቀድሞው ድልድይ በ1797 በጐርፍ ስለ ተወሰደ፥ ጆን ሬኒ የተባለው መሐንዲስ ባለ አምስት ቅስቱን የድንጋይ ድልድይ ሠርቶ በ1803 አስከፈተው፤ እስከ ዛሬም መኪናውና እግረኛው ይመላለስበታል። ከድልድዩ ጥቂት ወደ ላይ የቴቪዮት ወንዝ መጥቶ ከትዊድ ጋራ ይጋጠማል። ትዊድ ከምንጩ እስከ ባሕር ድረስ ወደ 156 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በታችኛውም ክፍሉ ጥቂት ርቀት ስኮትላንድንና እንግሊዝን የሚለይ ወሰን ይሆናል።

ወደዚህ አገር የመጣሁበት ምክንያት ግን ድልድይ ለማየት አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት በኤዲንብራ ተማሪ ሳለሁ፥ የተከራየሁበት ቤት ጌታ ሥራቸውን የተዉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ቃላቸው ጥቂት፥ እጃቸው ግን ምሁር ነበረ። በክረምቱ ረጅም ሌሊት በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሞርሳ ይተክሉና፥ መንጠቆውን በሞርሳው አፍ አስነክሰው ላባና ሐር ይጠቀልላሉ። አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ወንበር ሳቡልኝ፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ተማሪያቸው ሆንሁ።

ያስተማሩኝ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ስሙም «የግሪንዌል ክብር» ይባላል። «ይህን አንዱን መቶ ጊዜ አንድ ሳታጐድል አንድ ሳትጨምር ሥራ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ጀመርሁ።

ሽማግሌው ካረፉ ዛሬ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ኬልሶ ተመልሰው ስለሚኖሩ፥ «የባሌን የሥራ ዕቃ ማንም ሳይበታትነው መጥተህ ውሰድ» ብለው ጻፉልኝ። የመጣነውም በዚህ ጥሪ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጄን ይዤ ስፕራውስተን ወደምትባለው መንደር በወንዙ ዳር ቍልቍል በእግር ወረድን። በዚህች መንደር በ1854 ጄምስ ራይት የሚባል የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሠሪ ይኖር ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደርሃም ካቴድራል ካህን የነበሩት ዊልያም ግሪንዌል ወደ ትዊድ መጥተው ሲያጠምዱ፥ ዓሣዎቹ አንዲት ዝንብ እየመረጡ ሲበሉ የእርሳቸውን ግን ሲንቁ አዩ። ከዝንቦቹ አንዲቱን ይዘው ወደ ራይት ሄዱና «ይህችን የመሰለች ሥራልኝ» አሉት። ራይትም ሠራላቸው፤ በማግሥቱም ብዙ ዓሣ ያዙ። ስለዚህ ዝንቧ በካህኑ ስም ተጠራች፤ የሠራት የራይት ስም ግን ነገሩን በሚያውቁ ዘንድ ብቻ ቀረ። ግሪንዌል የጥንት መቃብርና ቍፋሮ መርማሪም ነበሩ፤ በ1820 ተወልደው በ1918 አረፉ።

ስለ እውነተኛዪቱም ዝንብ ለልጄ ነገርኋት። ይህች ፍጥረት አንድ ዓመት ያህል በወንዙ ድንጋይ ሥር በእጭነት ትኖራለች። ጊዜዋ ሲደርስ ወደ ውኃው ገጽ ትወጣና ቆዳዋን ቀድዳ፥ እንደ መርከብ ሸራ የቆሙ ክንፎችዋን ዘርግታ እስክትበር ድረስ በውኃው ላይ ትንሳፈፋለች። ዓሣው የሚጠብቃት ያን ጊዜ ነው። ያመለጠችው በዳር ባለው ቅጠል ላይ ዐርፋ ሁለተኛ ቆዳዋን ትለውጣለች፤ ከዚያም ከጓደኞችዋ ጋራ በአየር ትጫወታለች፥ እንቁላልዋን በውኃ ላይ ትጥላለች፥ ትሞታለችም። ክንፍ ካበቀለች በኋላ ምግብ አትበላም። ልጄም ዝም ብላ ስትሰማኝ ቆይታ፥ በድልድዩ ግንብ ላይ ሞታ ያገኘቻትን አንዲት ዝንብ በወረቀት ጠቅልላ በኪስዋ ከተተች።

አሁን አሠራሩን ላስረዳ። በትንሽ መንጠቆ ላይ ቢጫ ሐር በጫማ ሰፊ ሰም ተለቅልቆ ይጠቀለላል፤ ሰሙም ቢጫውን ወደ ወይራ ቅጠል መልክ ያጠቁረዋል። ክንፉ ብላክበርድ ከምትባል ወፍ የክንፍ ላባ ይወጣል። በአንገቱ ዙሪያ፥ መካከሉና ጫፉ ጥቁር የሆነ ቀይ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ ይዞርበታል፤ እርሱም የዝንቧን እግር ይመስላል። በአገራችን ዶሮ ገዢ ቀዩን፥ ገብስማውንና ወሰራውን በስሙ እየለየ እንደሚመርጥ፥ በዚያም አገር የላባ ዝንብ ሠሪ የአውራ ዶሮውን መልክ እየለየ በልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል።

ወደ ሽማግሌው ቤት ነገር ልመለስ። በዚያ ክረምት ዐርባ ያህል ከሠራሁ በኋላ፥ እጄ እየለመደ ሲሄድ ልቤ መታበይ ጀመረ። በዐርባ አንደኛው ላይ ክንፉን አሳጠርሁት፤ የዶሮውንም ላባ አራት ጊዜ በማዞር ፈንታ ሁለት ጊዜ ብቻ አዞርሁት። ለምን እንዳደረግሁት ዛሬ ስጠየቅ፥ ቀለል ያለው ይበልጥ ሕያው መስሎ ስለ ታየኝ ነበር እላለሁ። ሽማግሌው በመዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ሳይናገሩ በሰደርያቸው ኪስ ከተቱትና ተነሥተው ሄዱ።

ያ ዝምታ ልቤን አቈሰለው። ንቀት ነው ብዬ ተረጐምሁት። ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ሳላቋርጥ ሠራሁ፤ ነገር ግን እንደ ታዘዝሁት ብቻ ነበር። በስድሳኛው ላይ የትምህርቱ ዘመን ሲፈጸም ወደ ሌላ ቤት ተዛወርሁ፤ ወደ አገሬም ከተመለስሁ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ለልደት በዓል ከምልክላቸው የሰላምታ ደብዳቤ በቀር አልጻፍሁላቸውም። ዝንቡን ግን በየዓመቱ ሠራሁ፤ ከዚያች ቀንም ጀምሮ አንዲት ጭረት አልለወጥሁም። ለልጄም ከዐሥር ዓመትዋ ጀምሮ እንደ ተማርሁት አስተማርኋት።

እንግዲህ በዚያች በመጀመሪያዋ ማታ እመቤቲቱ የባላቸውን ሞርሳ በጠረጴዛው ላይ ተከሉልን። ልጄም ተቀምጣ ትሠራ ጀመር። ሥራዋን ስትጨርስ በመዳፍዋ ይዛ አሳየችኝ። ክንፉ ልክ፥ የዶሮውም ላባ ልክ ነው፤ ነገር ግን በቢጫው ሐር ላይ ከታች እስከ ላይ ቀጭን ወርቅማ ክር አራት ጊዜ ተጠምጥሞበታል። ክሩን ዐወቅሁት። ሟች እናቴ ለልጄ ከተወችላት ነጠላ ጥለት ጫፍ የተመዘዘ ነው። ጥለቱ አርጅቶ ክሩ ይመዘዝ ነበር፤ ልጄ ግን ነጠላውን በሄደችበት ሁሉ ይዛው ትሄዳለች።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያዘኝ፤ የመምህሬ ሥርዐት ፈረሰ፥ የእናቴም ልብስ ተነካ አልሁ። ነገር ግን ምንም አልተናገርሁም። ዝንቡን በጠረጴዛው ላይ አኖርሁና ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድሁ። ልጄ ጥቂት ጠብቃ፥ ዕቃዋን በዝግታ ሰብስባ፥ «ደኅና እደር፥ አባባ» ብላ ወደ መኝታዋ ወጣች።

እመቤቲቱ ሹራባቸውን እየሠሩ ሳሉ ቀና ብለው አዩኝና «ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ዐርባ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ» አሉ። ሌላም አልጨመሩ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ጥበብ ያነበብሁትን ሁሉ በልቤ እቈጥር ጀመር። ኰችማን የሚባለው የታወቀ የእንግሊዝ ዝንብ ትዝ አለኝ፤ ስሙም «ሠረገላ ነጂ» ማለት ነው፤ የሠራውም የእንግሊዝ ነገሥታት ሠረገላ ነጂ የነበረው ቶም ቦስዎርዝ ነው ይባላል። በ1878 ጆን ሄይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ሠሪ የዝንቡ ሆድ ቶሎ እንዳይበጣጠስ ብሎ በመካከሉ ቀይ ሐር አሰረበት፤ እርሱም «ንጉሣዊ ሠረገላ ነጂ» ተባለ። በ1930 ገደማ ደግሞ ሊ ዉልፍ የተባለው አሜሪካዊ በኃይለኛ ፈሳሽ ላይ እንዳይሰጥም የላባውን ክንፍ ትቶ ከእንስሳ ጠጕር ሠራው። የእንግሊዙ ሠረገላ ነጂ ይህን የልጅ ልጁን ቢያይ ምናልባት አያውቀውም፤ ሆኖም ዘሩ ነው።

ፍሬድሪክ ሃልፎርድ በ1886 በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፉ የላባ ዝንቦች አሠራር መጽሐፍ ያወጣ ታላቅ እንግሊዛዊ መምህር ነበረ። ቴዎዶር ጎርደን የተባለ አሜሪካዊ ደብዳቤ ጽፎለት በ1890 ሃልፎርድ የዝንቦቹን ናሙና ላከለት። ጎርደን ግን ዝንቦቹ የተሠሩት ለእንግሊዝ ጸጥተኛ ወንዝ እንደ ሆነ፥ የኔቨርሲንክ ወንዝ ግን ፈጣን፥ ነፍሳቱም ሌላ መልክ እንደ ሆኑ አይቶ፥ መልካቸውንና ላባቸውን ለአገሩ እንዲስማማ አድርጎ ለወጠ። ከዚህም የአሜሪካ ዝንብ አሠራር መንገድ ወጣ። በዊልትሸር አውራጃ በአቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር ደግሞ፥ ከፊዛንት ወፍ ጅራት ይሠራ የነበረውን የቀድሞ ዝንብ ወስዶ፥ የአንገቱን ላባ ጣለና በሐሩ ፈንታ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመበት። ሽቦው ስለሚከብድ ዝንቡ ሰጥሞ ውኃ ውስጥ እንዳለችው እጭ ይሄዳል። ይህንም በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አሳወቀ፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው።

እነዚህን ሁሉ ስቈጥር አንድ ነገር ታየኝ። ከእነርሱ አንዱም የቀደመውን የለወጠው ለመታየት ወይም የቀደመውን ለመናቅ አይደለም፤ እያንዳንዱ ከውኃው ያገኘው ምክንያት ነበረው። አንዱ የሚበጣጠሰውን ሊያጠና፥ አንዱ የሚሰጥመውን ሊያንሳፍፍ፥ አንዱም የሚንሳፈፈውን ሊያሰጥም ፈልጎ ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያሳፍር ነገር ትዝ አለኝ። በብሪታንያ በ1981 በወጣው ሕግ የዱር ወፎች ስለ ተጠበቁ፥ እኔ ራሴ የዝንቤን ክንፍ የምሠራው ከብላክበርድ ሳይሆን ከዳክዬ ላባ ነው። «አንዲት ጭረት አልለወጥሁም» እያልሁ የተመካሁት እኔ፥ ክንፉን ከለወጥሁት ስንት ዘመን ሆነ! ልጄን ግን አንዲት ክር ስለ ጨመረች ፊቴን አዞርሁባት፤ ለምን እንዳደረገችውም አልጠየቅኋትም።

በነጋ ጊዜ እመቤቲቱ አንድ አሮጌ የትምባሆ ቆርቆሮ ሣጥን ይዘው መጡና በፊቴ አኖሩት። ሣጥኑ በቡሽ ተለብጦ፥ በቡሹ ላይ ሃያ ያህል የላባ ዝንቦች ተሰክተውበታል፤ በየአንዳንዱም ሥር ትንሽ ቍራጭ ወረቀት አለ። ብዙዎቹ ሽማግሌው ራሳቸው የለወጧቸው የግሪንዌል ዝንቦች ነበሩ፤ አንዱ ክንፍ የሌለው፥ አንዱ ሆዱ ከአይጥ ጠጕር የተሠራ፥ አንዱ ጅራት የተጨመረለት። እኔ ሥርዐቱን የማይነኩ ሰው ናቸው ብዬ የማስባቸው መምህሬ በስውር ሲለውጡና ሲፈትኑ ኖረዋል።

በመጨረሻው ረድፍ ላይ የነበረውን ባየሁ ጊዜ እጄ ተንቀጠቀጠ። ክንፉ አጭር ነው፤ የአንገቱም ላባ ሁለት ዙር ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ወረቀት በአናጢ እርሳስ እንዲህ ይላል፤ «የተማሪዬ ሥራ። ክንፉ አጭር፤ ላባው ሁለት ዙር። ውኃ በጐደለና በጠራ ጊዜ ከእኔው ይሻላል። በቴቪዮት አፍ ሁለት ዓሣ። ሳልነግረው ሄደ።»

እመቤቲቱም «መቶውን ሲጨርስ እነግረዋለሁ ይል ነበር። እንጨትን ማመስገን ያውቅ ነበር፤ ሰውን ማመስገን ግን አልተማረም። ከሄድህ በኋላ ሊጽፍልህ ሁለት ጊዜ ወረቀት አቅርቦ ነበር» አሉኝ። እኔም መልስ አጣሁ። ሁለታችን በአንዲት ላባ ምክንያት፥ እርሳቸው ሳይናገሩ እኔም ሳልጠይቅ፥ ስንት ዓመት በከንቱ እንደ ተራራቅን ተረዳሁ። ለእርሳቸው የምመልሰው ነገር አሁን የለም፤ ለልጄ ግን ጊዜው አላለፈም።

ልጄ ከደረጃው ስትወርድ ወንበር ሳብሁላትና «ልጄ ሆይ፥ ትናንት ስላሳየሽኝ ሥራ ምንም አልመለስሁልሽም፤ ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ወርቁን ክር ለምን ጨመርሽው?» አልኋት። እርስዋም ወረቀትዋን ከኪስዋ አውጥታ የሞተችውን ዝንብ አሳየችኝ። «በእመቤቲቱ አጉሊ መነጽር አየኋት፥ አባባ። ሆድዋ ቀለበት ቀለበት ነው፤ በየቀለበቱም መካከል የሚያበራ መሥመር አለው። ሐሩ ብቻ ሲሆን ያ መሥመር አይታይም። ሌላ የሚያበራ ክር አልነበረኝም፤ ከአያቴም ነጠላ የወሰድሁት አስቀድሞ የተመዘዘውን ነው፤ አልቈረጥሁም» አለችኝ።

መነጽሩን ተቀብዬ ተመለከትሁ፤ እንዳለችው ነው። ከእርስዋ በፊት የነበሩ ብዙ ሠሪዎችም በዚሁ ዝንብ ላይ የወርቅ ሽቦ እንደሚጠመጥሙበት ነገርኋት። እርስዋ ግን ከማንም ሳትሰማ ከራስዋ ከዝንቧ ተምራ ደረሰችበት። «እንግዲያው አዲስ ነገር አልሠራሁም?» ብላ ትንሽ ከፋት። እኔም «ምክንያቱን ራስሽ ስላገኘሽው ሥራው የራስሽ ነው» አልኋት።

ከቀትር በኋላ ለማጥመድ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ገዝተን ወደ ወንዙ ወረድን። ትዊድ በዚያ ስፍራ ሰፊና ጸጥተኛ ነው፤ ከታች ያለው ጠጠር በጠራው ውኃ ውስጥ ይታያል፤ በማዶ የዛፎቹ ጥላ እስከ መካከል ድረስ ይደርሳል። በመጀመሪያው ሰዓት አንዳችም አልያዝንም። ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ግን ዝንቦቹ ክንፋቸውን አቁመው በውኃው ላይ ሲወርዱ ታዩ፤ ወዲያውም የትራውቶቹ አፍ በየስፍራው ቀለበት ይሠራ ጀመር። ልጄ ባለ ወርቅ ክሩን ዝንብ ሦስት ጊዜ ጣለች፤ በአራተኛው ዘንግዋ ጐበጠ። ቀስ ብላ ወደ ዳር ሳበችው፤ ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ፥ ጐኑ በቀይ ነጠብጣብ ያጌጠ ትራውት ነው። እጅዋን በውኃ አርጥባ መንጠቆውን ነቀለችለትና ለቀቀችው።

እኔም መምህሬ እንዳስተማሩኝ በሠራሁት ዝንብ አንድ ያዝሁ፤ ለቀቅሁትም። ከዚያ በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ውኃውን ስላናወጠው የሁለታችንም ዝንብ ምንም ሳይዝ መሸ። ስለዚህ ወንዙ በእኔና በልጄ መካከል ፍርድ አልሰጠም፤ እኔም ፍርዱን አልፈለግሁም።

በዚያች ማታ በሞርሳው ፊት ጐን ለጐን ተቀመጥን። ክንፉን አሳጥሬ፥ የአንገቱን ላባ ሁለት ዙር አዙሬ፥ በሆዱም ላይ ልጄ የሰጠችኝን ወርቅማ ክር ጠመጠምሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ እያወቅሁ የለወጥሁት የመጀመሪያው ይህ ነው። ልጄም «አባባ፥ መቶ እስኪሞላ ስንት ይቀርሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በእርሳቸው ቤት የሠራሁት ስድሳ ነው፤ ዐርባ ይቀረኛል» አልኋት። «እንግዲያስ ሃያውን እኔ እሠራልሃለሁ» አለች። እመቤቲቱ ሣቁ፤ ለሁላችንም ሻይ አፈሉልን።

የአገራችን አንባቢ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል ይል ይሆናል። የትራውት ዓሣ ግን ለአገራችን ባዕድ ብቻ አይደለም። በ1905 የስኮትላንድ ትራውት እንቁላል ወደ ኬንያ ተወስዶ በተራራ ወንዞች ተራባ፤ ባለፈው ምዕተ ዓመትም ሁለተኛ አጋማሽ ትራውት ከኬንያ ወደ ባሌ ተራሮች መጥቶ በዲንሾ አጠገብ ባሉት በወይብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። ወደ አገራችን ስንመለስ ልጄና እኔ በፓርኩ ፈቃድ ወደዚያ ለመሄድ ተስማምተናል። በዚያም ያሉት ነፍሳት የትዊድን አይመስሉ ይሆናል፤ ስለዚህ አስቀድመን ድንጋዩን ገልብጠን እንመለከታለን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ላባው እንነጋገራለን።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ ልጅ የቀደመውን አሠራር አጥብቆ መማሩ የሚገባ ነው፤ መሠረቱን ያላወቀ ለመለወጥ ምክንያት ሊያገኝ አይችልምና። ነገር ግን አንድ ቀን የራሱን ጨምሮ በመዳፉ ይዞ ሲያሳያችሁ፥ ሥራው ቢከፋም ቢያምርም፥ ዝም አትበሉት። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ምክንያት ካለው አመስግኑት፤ ከሌለውም መልሳችሁ አስተምሩት። መምህሬ ያቺን አንዲት ቃል መቶ እስኪሞላ አቈይተው በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተዉልኝ፤ እኔም ዘግይቼ አነበብኋት።